በመኪና ውስጥ ጉዞ ለመቅረጽ በቤት የሚሠራ የካሜራ መያዣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሚብራራው ከጋቢና ወንበር የራስ መደገፊያ ዘንጎች ላይ የሚታሰር፣ ከአሉሚኒየም ቱቦላሬና ከጠንካራ እንጨት የሚሠራ መያዣ ነው። ከነሌንሱ ከ1 ኪሎ የማይበልጥ ካሜራ ይሸከማል፤ ለስልክና ለአክሽን ካሜራ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ለምን የራስ መደገፊያ? ዳሽቦርዱ ወይም የፊት መስታወቱ አይቀልም?

መቅለሉንስ ይቀላል። ነገር ግን ዳሽቦርድ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እሱም ለብቻው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ላይ በጋቢና በኩል ከሥሩ ኤርባግ አለ። የራስ መደገፊያ ዘንጎች ግን ብረት ናቸው፤ የሚገቡት የወንበሩ አጽም ውስጥ ነው፣ አጽሙም ከመኪናው ወለል ጋር በብሎን ታስሯል። ከዚህ ቦታ የሚታየውም ይበልጣል፦ መሪው፣ የሾፌሩ እጅና ከፊት ያለው መንገድ በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ተመልካቹ ከኋላ ወንበር መሃል ሆኖ አንገቱን አስግጎ የሚያይ ያህል ነው።

መንገዱን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አንድ ትንሽ አክሽን ካሜራ በመምጠጫ ጎማ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ይበቃዋል።

በማንኛውም መኪና ላይ ይገጠማል?

አይገጠምም። የራስ መደገፊያው ከወንበሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ የሚታሰርበት ዘንግ የለም። ዘንግ ካለም መደገፊያው ከፍ ተደርጎ ማቆሚያው ላይ ሲቆለፍ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ የተራቆተ ብረት መታየት አለበት። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል የሚነፋ ኤርባግ ያላቸው መኪኖችም አይሆኑም፤ ምክንያቱ ታች ስለ ኤርባግ በተነሳው ጥያቄ ላይ አለ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

- ባለ አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ቱቦላሬ፣ 25 በ25 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ 50 ሴ.ሜ (በኋላ ይቆረጣል)
- ጠንካራ እንጨት 2 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 22 ሚ.ሜ ውፍረትና 45 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፤ ርዝመቱ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ካለው ርቀት 80 ሚ.ሜ ይብለጥ
- ቱቦላሬው ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ 21 በ21 ሚ.ሜ እንጨት
- ኤም 6 ብሎን፣ 90 ሚ.ሜ ርዝመት፣ 3 ፍሬ፤ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ 3 ፍሬ፤ ሰፊ ሮንዴላ 6 ፍሬ
- የሩብ ኢንች ብሎን በኢንች 20 ጥርስ ያለው፣ ርዝመቱ 1¼ ኢንች፣ 1 ፍሬ፤ ለእሱ የሚሆን ሮንዴላ 2 ፍሬ
- ቦል ሄድ (ካሜራውን ወደፈለጉት አቅጣጫ አዙረው የሚቆልፉበት ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)፣ የመሸከም አቅሙ ከካሜራው ክብደት ቢያንስ 3 እጥፍ የሆነ
- 1 ሚ.ሜ ገደማ ውፍረት ያለው የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ
- 25 ሚ.ሜ ስፋት ያለው የናይሎን ቀበቶ ከነመቆለፊያው፣ እና 2 ሚ.ሜ የሽቦ ገመድ

ከመሣሪያ በኩል ትራፓኖ፣ ፑንታዎች (4፣ 6.5 እና ለዘንጉ የሚሆን ትልቅ)፣ ሰጌቶ፣ ሞረድ፣ ሞርሳ፣ ካሊፐር፣ ስኳድራና 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃሉ። ለስላሳ እንጨት አይጠቀሙ። ሮንዴላው ውስጡ እየሰመጠ ስለሚሄድ ዛሬ የጠበቀው ነገ ላልቶ ይገኛል።

ልኩን እንዴት ልውሰድ?

ብዙ ሰው የዘንጎቹን መሃል በዓይኑ ገምቶ ይለካና 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ይስታል። ግምት ሳያስፈልግ የሚለካበት መንገድ አለ፦ ከአንዱ ዘንግ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ዘንግ ግራ ጠርዝ ይለኩ። ይህ ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ካለው ጋር እኩል ነው። የሚለኩት ዘንጉ ከወንበሩ በሚወጣበት ቦታ፣ ከሥሩ ይሁን፤ አንዳንዶቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ይጎብጣሉ። የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ይውሰዱ። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ሚ.ሜ መካከል ይሆናል።

የእንጨቱን ማቀፊያ እንዴት ነው የምበሳው?

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ አይቸኩሉ። ሁለቱን እንጨቶች ገጽ ለገጽ ያጋጥሙና በመካከላቸው 2 ሚ.ሜ ጠንካራ ካርቶን ያስገቡ፤ ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ ሞርሳ ላይ ያጥብቁ። ቀዳዳዎቹ የሚያርፉት በትክክል በካርቶኑ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ 40 ሚ.ሜ ገባ ብለው ነው። በ4 ሚ.ሜ ፑንታ ይጀምሩ፣ ከዚያ ትልቁን ያስከትሉ። ትልቁ ፑንታ ከዘንጉ ውፍረት 2 ሚ.ሜ መብለጥ አለበት፤ ዘንጉ 12 ከሆነ 14 ማለት ነው። የተረፈው ቦታ በዘንጉ ዙሪያ ለሚገባው ጎማ ነው።

ከሥር የማይፈለግ እንጨት ያድርጉበት፣ አለበለዚያ ፑንታው ሲወጣ ጠርዙን ይገነጥለዋል። ትራፓኖውን በዝግታ ያዙሩት። ቀጥ ማለቱን በስኳድራ ያረጋግጡ፤ ቀዳዳው በ45 ሚ.ሜ ጥልቀት ውስጥ 2 ሚ.ሜ ቢያዘነብል ማቀፊያው ዘንጉ ላይ አይወርድም፣ ወይም ወርዶ አንዱን ጎን ብቻ ይነክሳል።

ካርቶኑን ሲያወጡት በእንጨቶቹ መካከል ክፍተት ይቀራል። መያዣው የሚጨብጠው በዚህ ክፍተት ነው፦ ብሎኑ ሲጠብቅ እንጨቶቹ ይቀራረቡና ጎማውን ዘንጉ ላይ ይጨምቁታል። ጠብቆ ሲያልቅ 1 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት መታየት አለበት። እንጨቶቹ ከተነካኩ ዘንጉን ትተው እርስ በርስ ተያይዘዋል ማለት ነው፤ አንድ ዙር ጎማ ይጨምሩ።

ክንዱስ እንዴት ይያያዛል?

ክንዱ ቱቦላሬው ነው፤ በማቀፊያው የኋላ ገጽ ላይ ተኝቶ ወደ መኪናው መሃል ይወጣል። ቦታው ላይ አስረው በ6.5 ሚ.ሜ ፑንታ ቱቦላሬውንም ሁለቱንም እንጨቶች በአንድ ጊዜ ይብሱ። ሦስት ቀዳዳ ነው፦ ከማቀፊያው ሁለት ጫፎች 18 ሚ.ሜ ገባ ብለው ሁለት፣ በዘንጎቹ መካከል አንድ። ከመብሳትዎ በፊት የ21 ሚ.ሜ እንጨቱን ቱቦላሬው ውስጥ ይክተቱ። ባዶ ቱቦላሬ በብሎን ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከተሰረጎደ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያጠብቁት አይረጋም።

ነፃው ጫፍ ላይም ለቦል ሄዱ የሚሆነውን ቀዳዳ በ6.5 ሚ.ሜ ይብሱ፤ እዚያም ውስጡ እንጨት ይኑር። የቱቦላሬውን ሹል ጠርዝ በሞረድ ያለዝቡና አፉን በጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ይድፈኑ።

የክንዱ ርዝመት ስንት ይሁን?

ከሚያስቡት ያጠረ። ከውስጠኛው ዘንግ ወደ መሃል የሚወጣው ክፍል 20 ሴ.ሜ ከሆነ ጥሩ ነው፤ 25 ድረስ ይቻላል። አንድ ጫፉ ብቻ የታሰረ ዘንግ የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው፤ ስለዚህ 30 ሴ.ሜ የነበረውን ወደ 20 ማሳጠር ክንዱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያጠነክረዋል፣ ያውም ያለ ምንም ወጪ። ውፍረትም ትልቅ ለውጥ ያመጣል፦ ከ20 ሚ.ሜ ይልቅ 25 ሚ.ሜ ቱቦላሬ፣ በዚያው የ2 ሚ.ሜ ግድግዳ፣ እጥፍ ገደማ ይጠነክራል።

ካሜራው የግድ የመኪናው መሃል ላይ መድረስ የለበትም። ትንሽ ወደ ጋቢና ያደላ ዕይታ መሪውንና እጁን እንዲያውም አጉልቶ ያሳያል።

ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጎማ ከካሜራው ሥር ባደርግ ንዝረቱን አይውጠውም?

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው፤ አስተሳሰቡም ምክንያታዊ ስለሚመስል ሰው ቶሎ አይተወውም። ለስላሳ ነገር ንዝረትን የሚውጠው ንዝረቱ ከራሱ ከለስላሳው ነገር የተፈጥሮ መወዛወዝ በግልጽ ሲፈጥን ነው፤ ቢያንስ 1.4 እጥፍ መብለጥ አለበት። ከዚያ በታች ካሜራውን ጭራሽ ያወዛውዘዋል። ግማሽ ኪሎ ካሜራ ስፖንጅ ላይ ሲቀመጥ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ፣ ቢበዛ 10 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። የመኪናው አካል ደግሞ በስፕሪንጉ ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ጊዜ ይነሳል ይወድቃል፤ ጎማዎቹ በሻካራ መንገድ ላይ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይነጥራሉ። ስፖንጁ የሚወዛወዘው ልክ በዚህ ክልል ውስጥ ስለሆነ የመንገዱን ግጭት ተቀብሎ አባዝቶ ለካሜራው ይሰጠዋል።

የሚፈለገው ካሜራውና መኪናው እንደ አንድ አካል አብረው እንዲንቀሳቀሱ ነው። ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ ዳሽቦርዱና መሪው ፍሬሙ ውስጥ ፀጥ ይላሉ፣ የሚንቀሳቀሰው ውጭው ብቻ ይሆናል፤ ዓይንም ይህንን እንደ ንዝረት አይቆጥረውም። በዘንጉ ዙሪያ ያለው 1 ሚ.ሜ ጎማ እንዳይንሸራተትና እንዳይቧጭር ነው እንጂ ንዝረት እንዲውጥ አይደለም።

ቤት ያለው ኤም 6 ብሎን ካሜራው ሥር ይገባል። ልጠቀምበት?

አይጠቀሙ። የካሜራና የትራይፖድ ብሎን ሩብ ኢንች ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሚ.ሜ፣ በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚ.ሜ ነው። የኤም 6 ርቀት 1 ሚ.ሜ ነው። አንድ ሁለት ዙር የገባ ይመስላል፣ ከዚያ ይነክሳል፤ ገፍተው ካጠበቁት የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል።

ርዝመቱም ልክ ይኑረው። ከቱቦላሬው በላይ ብቅ የሚለው የብሎን ጫፍ 4.5 እስከ 5 ሚ.ሜ መሆን አለበት። 1¼ ኢንች ብሎን 31.75 ሚ.ሜ ነው፤ ከእሱ 25 የቱቦላሬው፣ 1.6 ያህል የአንድ ሮንዴላ ሲቀነስ 5 ሚ.ሜ ገደማ ይቀራል። ከዚያ ከበለጠ ሁለተኛውን ሮንዴላ ይጨምሩ። ረዝሞ የቀረ ብሎን የቀዳዳውን ወለል ይመታል፤ እጅዎ የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ ካሜራው ገና ልቅ ነው።

ከኤርባግና ከአደጋ ጋር በተያያዘ ምን ልጠንቀቅ?

የጋቢናው ኤርባግ ከዳሽቦርዱ ወጥቶ በሰከንድ መቶኛ ክፍሎች ውስጥ ይነፋል፤ በላዩ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ሰው ፊት ይወረውራል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ፣ በጋቢና በኩል፣ ምንም ነገር አይለጠፍም። የጎን መጋረጃ ኤርባጎች ደግሞ በጣሪያው ጠርዝና በፊት መስታወቱ ጎን ባሉ ምሰሶዎች ውስጥ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ማያያዣ ክሊፕም ሆነ ገመድ እዚያ አያሳልፉ። በብዙ ወንበሮች በበር በኩል ያለው ጎንም ኤርባግ ይዟል፤ የወንበሩን ጀርባ ዙሪያውን በቀበቶ ማሰር የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

በቅርብ ዓመታት በወጡ መኪኖች ደግሞ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል የሚነፋ ኤርባግ እየተለመደ መጥቷል። ከሾፌሩ ወንበር ውስጠኛ ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ምልክት የተሰፋ መሆኑን ይመልከቱ፤ የመኪናውን መመሪያም ያንብቡ። ካለ ይህ መያዣ ለዚያ መኪና አይሆንም፤ ክንዱ የሚያልፈው ልክ በሚነፋበት መንገድ ላይ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ድንገት ቢቆም የተፈታ ካሜራ የሚበረው ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ዕቃ በሚያርፍበት ፍጥነት ነው። ለዚህ ነው የሽቦ ገመዱ የግድ የሚሆነው፦ አንዱን ጫፍ በካሜራው አካል ላይ፣ ሌላውን በዘንጉ ላይ ይሰሩ፤ ቦል ሄዱ ላይ አይሰሩት፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚፈታው እሱ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ካሜራው ቢፈታ ወደ መሪው፣ ወደ ማርሹ ወይም ወደ ሾፌሩ ራስ የማያደርስ ይሁን። መያዣው በተገጠመበት ጊዜ ከኋላ ወንበር መሃልና ከጋቢናው ጀርባ ሰው አይቀመጥ። የራስ መደገፊያውንም አውልቀው ዘንጎቹን ብቻ መጠቀም አያስቡ።

ስፖኪዮውን ይከልላል?

ይከልላል። ካሜራው የሚቀመጠው በሾፌሩ ዓይን፣ በስፖኪዮውና በኋላ መስታወቱ መካከል ነው። ሾፌሩ ቦታው ላይ ተቀምጦ እያየ ካሜራው ከስፖኪዮው ታችኛ ጠርዝ በታች እስኪወርድ ዝቅ ያድርጉት። ዝቅ ማለቱ ለምስሉም ይጠቅማል፤ ስፖኪዮው ከፍሬሙ መሃል ወጥቶ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይሄዳል። መስታወት ላይ ስለሚለጠፍ ነገር ደግሞ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጠራጊው የሚጠርገውን ክልል ነፃ መተው ከሁሉም ይሻላል።

ምስሉ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነበውም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው። በዚያ መካከል ካሜራው ከተንቀጠቀጠ ቀጥ ያለው የበር ምሰሶ እንደ እባብ ይጣመማል። ይህንን በኋላ በኤዲቲንግ ማስተካከል እጅግ ከባድ ስለሆነ ከምንጩ ማድረቅ ይሻላል።

መቼ እንደሚከሰት ያስተውሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ብቻ ከሆነ ክንዱ ከሞተሩ ምት ጋር ተገጣጥሟል ማለት ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር በሰከንድ 27 ጊዜ ገደማ ይመታል። ለማረጋገጥ ሞተሩን ያጥፉ፣ ካሜራውን በሰከንድ 120 ፍሬም ላይ ያድርጉ፣ ቀረጻ ያስጀምሩና ክንዱን በጣትዎ አንዴ መታ ያድርጉት። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያዩ ይቁጠሩ፦ አንድ ሙሉ መወዛወዝ 4 ወይም 5 ፍሬም ከፈጀ ክንዱ በሰከንድ ከ24 እስከ 30 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ያገኙት ጥፋተኛውን ነው። ክንዱን 5 ሴ.ሜ ያሳጥሩ፣ እንደገና ይቁጠሩ።

በሻካራ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከክንዱ ይልቅ የወንበሩ ጀርባ ማጋደያ ላይ ያለው ልቅነት ነው። የናይሎን ቀበቶው የሚያገለግለው እዚህ ጋ ነው፦ ከክንዱ ጫፍ፣ ከቦል ሄዱ ትንሽ መለስ ብሎ ይታሰርና ወደ ታች ወርዶ የጋቢናው ወንበር ሐዲድ የኋላ ጫፍ ላይ ይወጠራል። ክንዱ በቀበቶ ወደ ታች ሲሳብ ወደ ላይ የመንጠር ዕድሉ ያበቃል። የደህንነት ቀበቶውንና የእጅ ፍሬኑን እንዳይነካ ይመልከቱ። በጋቢና ሰው ከተቀመጠ ደግሞ የእሱ መንቀሳቀስ ሁሉ ምስሉ ላይ ይታያል፤ ባዶ ወንበር ይመረጣል።

ስታቢላይዜሽኑን (የምስል ማረጋጊያውን) ልክፈተው ወይስ ልዝጋው?

የመኪናው ውስጥ ክፍል በፍሬሙ ውስጥ ከታየ ይዝጉት። ካሜራው ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ የሚያውቀው የራሱን መዞር ብቻ ነው። መኪናው ኩርባ ሲይዝ ካሜራውም አብሮ ይዞራል፤ ስታቢላይዜሽኑ ይህን እንደ እጅ መንቀጥቀጥ ይቆጥርና ምስሉን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ውጤቱ ውጭው ረግቶ ዳሽቦርዱና መሪው ግራና ቀኝ የሚዋኙበት የሚያቅለሸልሽ ቪዲዮ ነው። መንገዱ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ክፍት ይሁን።

በስልክ ለሚቀርጹ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሌንሱ በራሱ የሚንቀሳቀስበት ስታቢላይዜሽን ያላቸው ስልኮች ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ንዝረት ሲደርስባቸው ሊበላሹ ይችላሉ። አፕል በ2021 ስለ ሞተር ብስክሌት ሞተሮች ይህንኑ አስጠንቅቋል። የመኪና ንዝረት ከዚያ ይቀላል፣ ነገር ግን መያዣው እየጮኸ በሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ውድ ስልክ ሰዓታት ሙሉ መተው አይመከርም።

የዳሽቦርዱ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ይታያል። እንዴት ላጥፋው?

መጀመሪያ ዳሽቦርዱን ያጽዱ፤ የሚያብለጨልጭ የዳሽቦርድ ቅባት ከተቀባ ምንም ማጣሪያ አያድነውም። ሁለተኛ፣ ጥቁር የማያብረቀርቅ ጨርቅ፣ ቢቻል ቬልቬት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያንጥፉ። የኤርባጉን ክፍል አይሸፍኑት፣ የአየር ማውጫውንም አይድፈኑት። ቀሪውን ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ይጨርሰዋል፤ ካሜራው ቦታው ላይ ሆኖ ነጸብራቁ እስኪደበዝዝ ያዙሩት። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን፣ ማለትም ከግማሹ እስከ ሦስት አራተኛውን፣ ይወስዳል፤ በቀን ይህ ጥቅም ነው፣ ሲመሽ ግን ያውጡት። የጎን መስታወቶች ላይ ነጠብጣብ ወይም ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ በሙቀት በጠነከረ መስታወት ውስጥ ያለውን ውጥረት ፖላራይዘሩ ያሳየዋል። የመኪናው ስክሪንም በአንዳንድ አቅጣጫ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

መምጠጫ ጎማ ብቻ ብጠቀምስ?

ለትንሽ ካሜራ ይሆናል። 80 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ጎማ በንድፈ ሐሳብ 50 ኪሎ ያህል ይዞ ይቆያል፤ በተግባር ግን አየር ቀስ እያለ ይገባና በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ከፍታም ይቀንሰዋል፦ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ የአየር ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ የጎማው ጉልበትም በዚያው ልክ ያንሳል። መስታወቱን በአልኮል ይጥረጉ፣ ጎማውን በውኃ ያጥቡ፣ በየ2 ሰዓቱ ተጭነው ይፈትሹ። ሸካራ ፕላስቲክ ላይ በጭራሽ አይያዝም። ከመኪናው ውጭ፣ ኮፈን ላይ፣ በቤት የተሠራ መያዣ አይግጠሙ፤ ከወደቀ የሚያርፈው ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ክፍሎቹን በ3ዲ ፕሪንተር ባትምስ?

ፒኤልኤ የተባለው የማተሚያ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ ከዚያ ያልፋል። ፒኢቲጂ 80፣ ኤቢኤስ 100 ገደማ ድረስ ይቋቋማሉ። የጋለ ኮላ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባለ ሁለት ገጽ ጠንካራ ፕላስተር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ለጥፎ 3 ቀን ይጠብቅ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ያኔ ነው።

ካሜራው ላይ ምን ምን ላስተካክል?

ፎከሱን በእጅ ሩቅ ላይ ይቆልፉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ መስታወቱ ላይ ያለ ጉድፍ ወይም ጠራጊው ይጎትተዋል። ብርሃኑን ለውጭው ይለኩና ይቆልፉ፤ ውስጡ ትንሽ ይጨልም፣ ምንም አይደለም። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚቀርጽ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ 50 ኸርዝ መብራት ባለበት አገር የመንገድ መብራቶች እንዳይብለጨለጩም ይረዳል። በፀሐይ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ካርዱን በዚህ ሂሳብ ይምረጡ። ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻ ሶኬት በ5 ቮልት ቻርጀር ያምጡ፣ ገመዱ በፔዳሎቹ በኩል አይለፍ።

ቀስ በቀስ ምስሉ እየዘመመ ይሄዳል።

ቦል ሄዱ ደካማ ነው፣ ወይም በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረው ቦታ እየዞረ ነው። በቱቦላሬውና በቦል ሄዱ መካከል ከውስጥ ጎማው የተቆረጠ ስስ ክብ ያስገቡ፤ ከካሜራው ሥርም እንዲሁ። ረጅም ሌንስ ከተገጠመ ክብደቱ ወደፊት ስለሚያጋድል ቦል ሄዱን ቢያጠብቁም ይወርዳል፤ አጭር ሌንስ መቀየር መፍትሔው ነው። የትኩረት ርዝመቱ (ፎካል ሌንግዝ) በሙሉ ፍሬም ሂሳብ ከ24 እስከ 28 ሚ.ሜ የሆነ ሌንስ ለዚህ ቦታ በቂ ነው።

ከመንዳቴ በፊት እንዴት ልፈትነው?

ካሜራውን ሳይሰቅሉ ክንዱን ይዘው በኃይል ይነቅንቁ፤ ወንበሩ አብሮ መነቅነቅ አለበት፣ ክንዱ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ገና ነው። ከዚያ ካሜራውን ሰቅለው 1 ደቂቃ በሚኒሞ፣ 5 ደቂቃ በሻካራ መንገድ ይቅረጹና በትልቅ ስክሪን ይመልከቱት፤ የካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሁሉን ነገር አሳምራ ነው የምታሳየው። ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ቆመው ሦስቱን ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፤ እንጨቱና ጎማው ይታመቃሉ። ቀረጻው የሚጀመረው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ የሚስተካከለውም ከቆመ በኋላ።

ድምፁ ላይ ጭረትና ጩኸት ይሰማል።

ብረት ከብረት የሚነካካበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ፦ የሽቦ ገመዱ ቱቦላሬውን ሲመታ፣ የቀበቶው መቆለፊያ የወንበሩን ሐዲድ ሲነካ። የጨርቅ ፕላስተር ይጠቅልሉባቸው። ክንዱ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የመያዣውን ድምፅ ሁሉ በአካሉ ስለሚሰማ ጥሩ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ለብቻው የሚቀዳ መቅጃ ከጋቢና ወንበር ጀርባ ኪስ ውስጥ ይክተት፣ መስኮቱን ይዝጋ፣ ማራገቢያውንም ያጥፋ።